የማትጮኸው ውሻ ጠበቃ

ኛማልን መጥላት የጀመርኩት ውሾች ስለሚወዷት ነው። አሁን ስጽፈው እኔንም ያስቀኛል። ያኔ ግን የምር ነበር፤ ምሳ የሚያስረሳኝ፣ የከፈትኩትን ገጽ ደጋግሞ የሚያስነብበኝ ዓይነት የምር።

ያኔ ስል ሩቅ ዘመን አይምሰላችሁ። ያለፈው በጋ መጨረሻ ነው፤ የጋምቤላ ሙቀት ቆርቆሮውን የሚያንጫጫበት፣ ባሮም ዝቅ ብሎ አሸዋው የሚታይበት ጊዜ። ስሜ ፍሬሕይወት ነው፤ ሰው ሁሉ ግን ፍሬ ይለኛል። አያቶቼ በሰፈራ ከወሎ መጥተው አቦቦ የቀሩ ገበሬዎች ናቸው፣ እኔም እዚያው ተወልጄ አደግኩ። ጋምቤላ ከተማ የመጣሁት ኮሌጅ ገብቼ የእንስሳት ጤና ልማር ነው። ገና አንደኛ ዓመት ነኝ። ከሁለት የክፍሌ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። አከራያችን እትዬ ዘነበች የገባን ዕለት በሩ ላይ ቆመው፣ "ወንድ አይገባም፣ ውሻ አይገባም፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ውሃ አይቀዳም" ብለውናል። እኔ ደግሞ የተባልኩትን የማደርግ ልጅ ነኝ። ክፍል ውስጥ ከፊት እቀመጣለሁ፤ መምህር ሲናገር ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ፤ "ጎበዝ" ካሉኝ ሳምንቱን ሙሉ በዚያች ቃል እኖራለሁ።

ከሁሉም በላይ ጎበዝ እንዲሉኝ የምፈልገው ዶክተር ኦሞድ ነበሩ።

ዶክተር ኦሞድ የተግባር ትምህርት የሚያስተምሩን የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ከክሊኒካቸው ጀርባ ባዶ ቦታ ተከራይተው፣ በሽቦና በአሮጌ ቆርቆሮ አጥረው፣ መንገድ ላይ የወደቁ ውሾችን ያስጠጉ ነበር፤ ባጃጅ የገጨውን፣ ባለቤቱ ሥራ ተዛውሮ ሲሄድ በር ላይ ጥሎት የሄደውን፣ ማን እንደጣለው የማይታወቀውን። ያክማሉ፣ ይከትባሉ፣ እንዳይራቡ ያደርጓቸዋል። ከዚያ ቤት መፈለግ አለ። እሱ የእኛ የአንደኛ ዓመቶቹ ሥራ ነበር። ለእያንዳንዱ ውሻ አንድ ተማሪ ይመደባል። ዶክተር "ጠበቃ" ነው የሚሉን።

"ጠበቃ ማለት ቆንጆ ነች እያለ የሚለፈልፍ አይደለም" አሉን የመጀመሪያው ቀን ማንጎው ዛፍ ሥር ሰብስበው። "ጠበቃ ደንበኛውን የሚያውቅ ነው። ምን ትወዳለች? ምን ትፈራለች? ሰው ሲመጣ ምን ታደርጋለች? ይህን ሳታውቁ አፋችሁን አትክፈቱ።"

ሌላም ደንብ ነበራቸው። ስም ማውጣት ክልክል ነው።

"ስም የሚያወጣው የሚያሳድረው ሰው ነው። ስም ያወጣችሁለት ውሻ ቤት ያገኘ ይመስለዋል። አትዋሹት።"

እኔ ሁለቱንም ደንብ ጽፌ ያዝኩ። ኛማል ማንጎ ትበላ ነበር።

ለእኔ የደረሰችኝ ውሻ ጠጉሯ ዝንጉርጉር ነው፤ ጥቁርና ቀይ ተደባልቆ፣ አቧራ ሲነሰነስበት ጭቃ የሚመስል። ትከሻዋ ከኋላዋ ከፍ ይላል። ያያት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ "ጅብ!" በዚያ ላይ አትጮኽም። ዶክተር ጉሮሮዋን አይተውታል፣ ምንም የለባትም። እንዲሁ የማትጮኽ ውሻ ናት። ሰው ውሻ የሚፈልገው ደግሞ እንዲጮኽለት ነው። ሰው ሲመጣ ሌሎቹ ሽቦው ላይ ይረባረባሉ፤ እሷ ከኋላ፣ ከውሃው በርሜል ጥላ ሥር ተቀምጣ ትመለከታለች። ሊመርጥ የመጣ ሰው ዓይኑ እስከዚያ አይደርስም።

ወደድኳት። ከትምህርት በኋላ ደብተሬን ይዤ በርሜሉ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ እሷም ከጎኔ። አንዳንዴ እያነበብኩ ሳለ ድንገት ትነሳና እርጥብ አፍንጫዋን መዳፌ ውስጥ ትከታለች። ገፋ፣ ገፋ ታደርገኛለች። እስቃለሁ፣ ጆሮዋን አሻሻታለሁ፣ ተመልሳ ትተኛለች። ይህን ለዶክተርም፣ ምግብ ለሚያቀርቡላት ዘበኛም አታደርግም። ለእኔ ብቻ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ፍቅር እንዲህ ነው የሚባለው ብዬ በልቤ ያዝኩት።

በካርቶን ላይ በጥንቃቄ ጽፌም ነበር፦ "ሙሉ ክትባት የወሰደች፣ ጸባየ ሰናይ፣ ለቤት የምትስማማ።" ፊደሎቼን በማስመሪያ ነው ያስተካከልኳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌሎቹ ጠበቆች ጋር ወደ መናኸሪያው በር እንወርዳለን፤ እዚያ የኢታንግና የአቦቦ መኪና የሚጠብቅ ሰው ጊዜ አለው። ካርቶኔን ይዤ እቆማለሁ። ሰው ያነበዋል፤ ውሻዋን ያያል፤ "ጅብ" ብሎ ይሄዳል።

ኛማል ግን!

ኛማል የክፍላችን ተማሪ፣ የኑዌር ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ሳቋ ከሰውነቷ ቀድሞ የሚገባ። ትምህርት ታረፍዳለች፣ ግን ስትገባ መምህሩም ፈገግ ይላል። አማርኛዋን የለመደችው ከትምህርት ቤትና ከገበያ ነው፤ ወንዱንም ሴቷንም "እሱ" ትላለች። ሰው ግን ቆሞ ይሰማታል። መጀመሪያ የደረሳት ውሻ ሦስት እግር ብቻ ነበረው። ካርቶን አልጻፈችም። መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ጮኸች፦

"ይሄ ውሻ አራተኛ እግሩን ለባጃጅ ሰጥቷል! ከእንግዲህ መንገድ አይወጣም! ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል! ማነው የማይዞር ውሻ የሚፈልግ?"

አንድ ልብስ ሰፊ እየሳቀ ወሰደው። ሌላ ሰጧት፣ ያም ሄደ። አንድ ጆሮ የሌላት ሰጧት፤ አንዲት የጤና ባለሙያ ለልጆቿ ወሰደቻት። ዶክተር ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ በኛማል ይስቃሉ። ለእኔ "ጥሩ ጽሑፍ ነው ፍሬ" ይሉኛል። ከዚህ የሚያም ነገር አለ?

አለ። ኛማል ግቢው ውስጥ ስትገባ የእኔ ውሻ ከበርሜሉ ጥላ ተነስታ ወደ ፊት ትወጣ ጀመር። ጅራቷን ትቆላላታለች። እኔ ስመጣ ጅራቷን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መታ ታደርጋለች፤ ያንን እንደ ሰላምታ እቆጥረው ነበር። ከዚያ ወዲህ መቁጠር ተውኩ። የሚያጽናናኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አፍንጫዋን ኛማል መዳፍ ውስጥ ከታ አታውቅም።

አንድ ሐሙስ ዶክተር ማንጎው ሥር ሰበሰቡን። ባለቦታው ሊገነባበት ነውና ሰኞ አጥሩ ይፈርሳል አሉን። ከኋላቸው ያለው ግቢ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ሁሉም ጠበቃ ደንበኛውን ሸኝቷል። ከአንድ በስተቀር።

"ቅዳሜ የመጨረሻ ነው" አሉ ወደ እኔ ሳያዩ። "እኔ ቤት ያሉት ከበቂ በላይ ናቸው። መንገድ ላይ አልለቃትም፤ የተመረዘ ሥጋ የሚጥል ሰው አይጠፋም። ከዚያ መርፌ ይሻላል። በገዛ እጄ።"

መርፌው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ተምረነዋል። ሄጄ እትዬ ዘነበችን ለመንኩ። "ልጄ፣ ደንቡን ነግሬሻለሁ" አሉኝ። አቦቦ ደወልኩ፤ አባቴ "የእኛዎቹ ውሾች ገና በሩ ላይ ይበሏታል" አለኝ። የቀረኝ ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ በጠዋት ገመዷን ይዤ መናኸሪያው በር፣ ከኒም ዛፉ ሥር ቆምኩ። ካርቶኑን አዲስ ጽፌዋለሁ። ከአጠገባችን የኢታንግ ሚኒባስ ቆሟል። ረዳቱ ታሪኩ የሚባል፣ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ ነው።

"ኢታንግ! ኢታንግ! የሞላ መኪና! እህቴ፣ ጅቡን ዞር አድርጊልኝ፣ ተሳፋሪ በረገገ!"

"ጅብ አይደለችም። ክትባት ወስዳለች።"

"ክትባት የወሰደ ጅብ!" ብሎ ለሾፌሩ ጮኸ።

መጽሐፍ ቅዱስ በብብታቸው የያዙ አንዲት እናት ቆመው ካርቶኔን እስከ መጨረሻው አነበቡ። ልቤ ዘለለ።

"ጸባየ ሰናይ ይላል። ትጮኻለች?"

"አትጮኽም፣ ግን..."

"እንግዲያ ምን ታደርግልኛለች የኔ ልጅ? ዝም ብሎ የሚጸልይማ ቤቴ ሞልቷል።"

ሰው ሳቀ። እሳቸውም ስቀው ሄዱ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። የኒሙ ጥላ ሲጠብ አብረን ተጠጋን። እንዲህ ቆሜ ሳለ ከባጃጅ ላይ ኛማል ወረደች፤ በአንድ እጇ ማንጎ፣ በአንድ እጇ የውሃ ኮዳ።

"ዶክተር ላከኝ" አለች። "ከፍሬ ጋር ቁሚ አለኝ።"

"እኔ አልጠራሁሽም።"

"አውቃለሁ። ፊትሽ ላይ ተጽፏል። ከካርቶኑ ይበልጣል።"

ውሻዋ ተነሳች። ገመዱ እስከሚደርስ ድረስ ወደ ኛማል ሄደች። ገመዱ እጄ ውስጥ ተወጠረ። ያንን ውጥረት ዛሬም እጄ ላይ ይሰማኛል። ስንት ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀምጫለሁ፣ ስንት ጊዜ ከምሳዬ አካፍያታለሁ፣ ይህቺ ግን ማንጎ እየበላች መጥታ በአንድ ሳቅ ትወስዳታለች። ያኔ ኛማል ድንገት ባጃጁ ላይ ተሳፍራ ብትመለስልኝ የማልሰጠው ነገር አልነበረም።

ኛማል ቁጢጥ አለች። የውሻዋን ጠጉር በእጇ ወደ ኋላ አበሰችና አቧራዋን አየች። ከዚያ ምንም ሳትጠይቀኝ ኮዳውን ከፍታ ውሃውን ጀርባዋ ላይ አፈሰሰችው።

"ምን እየሠራሽ ነው!"

በነጠላዋ ጫፍ እያሻሸች አጠበቻት። አቧራው ሲወርድ መልኳ ወጣ። ጭቃ ያልኩት ጭቃ አልነበረም። ቀይ መሬት ላይ ጥቁር ሰንበር፣ ከአንገቷ እስከ ጅራቷ ግርጌ፣ በፀሐዩ እያብለጨለጨ። እነዚያን ሁሉ ወራት አጠገቧ ተቀምጬ አጥቤያት አላውቅም ነበር።

"ኛንግ!" አለች ኛማል።

"ስም ማውጣት ክልክል ነው።"

"ስም አይደለም። መልኩ ነው። የበሬ መልክ። ኛንግ አዞ ነው፤ እንደ አዞ ጀርባ እንዲህ እንዲህ ያለ በሬ፣ እኛ ጋ ወንድ ልጅ ይህን በሬ ካገኘ አይተኛም። ይዘፍንለታል። ራሱን በበሬው ስም ይጠራል።" ተነሳችና አየችኝ። "እናንተ ጅብ ትሉታላችሁ?"

ከዚያ ዘፈነች። ወጣቶቹ ለበሬያቸው እንደሚዘፍኑት እጇን እንደ ቀንድ ወደ ላይ አጥፋ፣ በኑዌርኛ፣ መናኸሪያው በር ላይ፣ ያለ ምንም እፍረት። ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች አጨበጨቡላት። የኢታንግ ተሳፋሪዎች ከሚኒባሱ አንገታቸውን አወጡ። "ኛንግ! ኛንግ!" የሚሉ ወጣቶች ከበቡን። እኔ ካርቶኔን ይዤ እንደ ቆምኩ ነኝ። ማንም አላነበበውም። ማስመሪያዬ ትዝ አለኝና ላለቅስ ደረስኩ።

ከሚኒባሱ አንድ ሽማግሌ ወረዱ። ረጅም ናቸው፣ ግንባራቸው ላይ የተደረደረ ጠባሳ አላቸው፤ አንድ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ተወትፏል፣ በእጃቸው የመድኃኒት ፌስታል ይዘዋል። ሰው መንገድ ከፈተላቸው። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ውሻዋ ጀርባ ላይ አኖሩና በሰንበሩ ላይ ቀስ አድርገው ሄዱበት። ከዚያ እንደማይሰማ ሰው ጮክ ብለው ተናገሩ።

ኛማል መዝፈኗን አቆመች። "ጓንዶንግ" አለቻቸው፤ አያት እንደማለት ነው። አፏን ጆሯቸው ላይ አድርጋ ጮኸች፣ እሳቸውም መለሱላት። ቆይተው ረጅም ነገር ተናገሩ። ኛማል ወደ እኔ ዞራ ተረጎመች።

"ዴንግ ይባላል። ጎረምሳ ሆኖ እንደዚህ ያለ በሬ ነበረው። ያ በሬ ሲሞት ሦስት ቀን አልበላም። መልኩን ከመኪና ውስጥ ሲያይ በሬው የተነሳ መሰለው።"

"ይወስዷት እንደሆነ ጠይቂያቸው!" አለ ከኋላ አንዱ።

ኛማል ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ከውሻዋ ላይ አነሱ። መልሳቸውን ስትሰማ የኛማል ፊት ሲጠፋ አየሁት።

"አይወስድም" አለች። "ጆሮው አይሰማም። ሐኪሙም አይመለስም ብሎታል። ብቻውን ነው የሚኖረው፣ ሚስቱ ሞቷል። ሁለት ውሻ ነበረው፤ ሲጮኹ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ እሱ ብቻ አይሰማም። ጅብ ጥጃውን ሲወስድ ጠዋት ከጎረቤት ሰማ። ውሻ ለእኔ ምን ያደርጋል አለ፤ መልኩን ግን ልንካው ብዬ ነው።"

"ይህቺማ ጭራሽ አትጮኽም!" አለ ታሪኩ። "ለማይሰማ ሰው የማይጮኽ ውሻ! ጋብቻውማ ገጥሞ ነበር!"

ሰዉ ሳቀ። ሽማግሌው ወደ ሚኒባሱ መመለስ ጀመሩ። "ኢታንግ! ሁለት ሰው ቀረ!" እያለ ታሪኩ ጮኸ። ኛማል ምን እንደምትል ጠፍቷት ቆመች፤ ኛማል! እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ደስ አለኝ። እሷም አልቻለችም፤ አዩ ዶክተር፣ የእርስዎ ኛማልም አልቻለችም አልኩ በሆዴ። ቀጥሎ መርፌው ትዝ አለኝ።

በዚህ መሃል እርጥብ አፍንጫ መዳፌ ውስጥ ገባ። ገፋ፣ ገፋ።

ዞር አልኩ። ታሪኩ ካርቶኔን ሊቀማኝ በእግር ጣቱ እየተሳበ ከኋላዬ ደርሷል። "ኧረ ነቃሽ!" አለና ሳቀ።

ውሻዋን አየኋት። ከዚያ በርሜሉ ሥር ያሳለፍናቸው ከሰዓት በኋላዎች ሁሉ አንድ በአንድ ተመለሱልኝ። አፍንጫዋን የሰጠችኝ ጊዜ ሁሉ፣ ቀና ስል፣ ዶክተር በሩን እየከፈቱ ነው። ወይ ዘበኛው ከጀርባዬ ባልዲ ይዘው እየመጡ ነው። አንዴ ኛማል ራሷ በአጥሩ ጥግ ልታስደነግጠኝ ስትሳብ ነበር። ሁልጊዜ ሰው ሲመጣ ነው! ለበሩ ጀርባዬን ሰጥቼ የምቀመጠው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለዚያ ነው ለሌላ ሰው የማታደርገው። ፍቅር ነው ብዬ የደበቅኩት ነገር፣ "ሰው መጣ" እያለችኝ ነበር። ዶክተር ከመጀመሪያው ቀን የጠየቁንን ጥያቄ ስትመልስልኝ ከርማለች።

እንዳልናገር የሚይዘኝ ነገር ነበር። ያ አፍንጫ የእኔ ብቻ ነበር። ከተናገርኩት የሁሉም ይሆናል፤ ያውም በኛማል አፍ።

ሽማግሌው አንድ እግራቸውን ሚኒባሱ ላይ አድርገዋል።

"ኛማል!" አልኩ። ድምፄ ቀጠነ። "አትጮኽም፣ ግን ትነካለች። ሰው ሲመጣ እጅ ትነካለች። ከኋላ ሲመጣ። ሁልጊዜ። ንገሪያቸው!"

"ምን?"

"በአፍንጫዋ መዳፍ ትገፋለች። መስማት አያስፈልግም። ንገሪያቸው እንጂ!"

ኛማል ዓይኗ ፈጠጠ። ሮጣ እጃቸውን ያዘችና ጆሯቸው ላይ ጮኸች። የእኔን ነገር በእሷ ድምፅ፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ መናኸሪያው ሁሉ ሰማው። ሽማግሌው ውሻዋን አዩ፣ ታሪኩን አዩ፣ ከዚያ አንድ ቃል ተናገሩ።

"ልየው አለ።"

ኒሙ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ተቀመጡ። ገመዱን አስያዝኳቸው። ውሻዋ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። እኔና ኛማል ራቅ ብለን ቆምን። ሾፌሩ እንኳ ሞተሩን አጠፋ። ታሪኩ ጫማውን አውልቆ፣ እንደ ሌባ እየተሳበ፣ በዘንባባ ቅርጫት ዓሣ ከሚሸጡት ሴቶች ጀርባ ዞሮ መጣ።

ውሻዋ ጆሮዋን አቆመች። ተነሳች። ከዚያ ገመዱን ከሽማግሌው እጅ አስለቅቃ ወደ እኔ መጣችና አፍንጫዋን መዳፌ ውስጥ ከተተች።

ሳቁ ቀለጠ። ሽማግሌው ዞረው አዩን። አልሳቁም። ቀስ ብለው አንድ ነገር አሉ።

"ምን አሉ?"

ኛማል መሬት መሬት አየች። "ውሻው ባለቤት አለው አለ።"

ላልዋሻችሁ፦ እንደዚያ የጣፈጠኝ ዐረፍተ ነገር የለም። ኛማል ፊት፣ መናኸሪያው ሁሉ ፊት፣ የእኔ መሆኗ ተነገረ። ዘፈኑም፣ ሳቁም፣ ውሃውም አልወሰዳትም። ለመነካት ከዓለም ሁሉ የመረጠችው መዳፍ የእኔ ነው። ግን ይህ የጣፈጠኝ ነገር ሰኞ ይገድላታል።

"ፍሬ" አለች ኛማል በዝግታ። "አንቺ ሂጂ።"

"ምን?"

"አንቺ እያለሽ ለሌላ አይናገርም። ዞር በይ። እንዳያይሽ።"

በጥፊ ልላት ነበር። ያልኳት ግን "እሺ" ነው፤ ትክክል ስለነበረች። ውሻዋን ወስጄ ሽማግሌው እግር ሥር መልሼ አስቀመጥኳት። ገመዱን እጃቸው ላይ ጠመጠምኩት። መዳፌን አንስቼ ግንባሯን አሻሸሁና፣ ወደ ኋላ ሳላይ፣ ከዓሣ ሻጮቹ ቆርቆሮ ጀርባ ሄጄ ተደበቅኩ።

የቆርቆሮው ሙቀት ጀርባዬን ያቃጥላል። ከፊቴ የዓሣ ቅርፊት ተበትኗል። ከወዲያ ምንም አይሰማም። እየፈለገችኝ ይሆን? ተነስታ ይሆን? እንድትፈልገኝ ፈለግኩ። እንዳትፈልገኝም ፈለግኩ። አንዲት ዓሣ ሻጭ አየችኝና፣ "ልጅቷ፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?" አለችኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፤ አዎም አይደለምም።

ጩኸቱ ከዚያ መጣ። ሳቅ አልነበረም፤ ግብ የተቆጠረ ዓይነት ጩኸት። ከቦታዬ አልተነሳሁም። ኛማል እየሮጠች ከቆርቆሮው ጥግ ብቅ አለች፣ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

"ምን አደረገች? ምን አደረገች በይኝ እንጂ!"

ተንበረከከችና እጄን ይዛ ገለበጠችው። የራሷን አፍንጫ መዳፌ ውስጥ ከታ ገፋ፣ ገፋ አደረገች። ሁለታችንም እዚያው የዓሣ ቅርፊት ላይ ተቀምጠን አለቀስን፣ ሳቅንም።

ስንመለስ ሾፌሩ "ውሻ አልጭንም" እያለ ነው። ታሪኩ በባዶ እግሩ በሩ ላይ ቆሞ ይሟገታል።

"ሌባ ያደረገችኝ ውሻ ናት፣ እኔ ነኝ ምስክሯ! እግራቸው ሥር ትቀመጣለች። ከተሳፋሪው ሁሉ ዝም የምትለው እሷ ናት፣ ምን ፈለግህ?"

ሽማግሌው ከመሳፈራቸው በፊት ወደ እኔ መጡ። እጄን ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው። መዳፌን ገልብጠው እንትፍ አሉበትና በጣታቸው ዘጉልኝ። ምርቃት መሆኑን ለመተርጎም ኛማል አላስፈለገችኝም። ከዚያ ውሻዋን ጠሯት። "ኛንግ" አሉ። ስሟ ያ ሆነ። ኛማል ባወጣችው መልክ፣ በኛማል ቋንቋ። ሚኒባሱ ሲሄድ ውሻዋ በመስኮት አልታየችኝም፤ ወለሉ ላይ ነበረች። የመጨረሻዋን እይታ እንኳ አላገኘሁም፤ በሩ ፊት ቆማ ያየቻት ኛማል ናት። በዚህም ቀናሁ።

ሰኞ አጥሩ ፈረሰ። ዶክተር ሥራውን ግን አልተዉትም፤ አሁን አዲስ የሚመጣ ውሻ እስኪያገግም በጠበቃው ዘመድ ቤት ያድራል፣ ቅዳሜ መናኸሪያው በር ይወርዳል። ያን ቀን የሆነውን ስንነግራቸው እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ "ሰው ሲመጣ ምን ታደርጋለች ብዬ ነበር" አሉ። "ጎበዝ" አላሉኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ደግሞ አልጠበቅኩም ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የሆነ ቀን ውሻ ልትወስዱ እንደኛ ያለ ቦታ ብትሄዱ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መጀመሪያ ወደ ሽቦው ሮጦ የመጣውን አይታችሁ አትጨርሱ። በርሜሉ ጥላ ሥር የቀረችውን ጠይቁ። አቧራዋን ሳታጥቡ መልኳን አትፍረዱ። አጠገቧ ካርቶን ይዞ የቆመ ዓይን አፋር ተማሪ ካለም ካርቶኑን ትታችሁ እሱን አነጋግሩት፤ ያልጻፈው፣ ምናልባትም ራሱ ገና ያልገባው ነገር ይኖረዋል። ምን ጎድሏት ነው የቀረችው ብላችሁ ስትጠይቁ፣ የጎደላት ነገር የማያስፈልገው ሰው የት አለ ብላችሁም ጠይቁ።

እኔና ኛማል አሁን አብረን ነው የምንቆመው። እሷ ሰው ትሰበስባለች፣ እኔ ውሾቹን አያለሁ። ቅናቴ ጠፋ ብል ውሸት ነው። አሁንም ስትስቅ ሰው ሲዞርላት አንድ ነገር ይወጋኛል። ልዩነቱ፣ ሲወጋኝ እነግራታለሁ፤ እሷም "ፊትሽ ላይ ተጽፏል" ትለኛለች።

ባለፈው ዘመድ ልትጠይቅ ኢታንግ ሄዳ ነበር። ዴንግ ደጃፍ ደረሰች። ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተው ገመድ ይፈትሉ ነበር አለችኝ። ኛንግ አየቻት፤ ጅራቷን አልቆላችም። ተነስታ የሽማግሌውን መዳፍ ነካች። እሳቸው ያኔ ዞሩ።

"እኔን!" አለች ኛማል እየሳቀች። "ያጠብኩትን! የዘፈንኩለትን!"

አብሬያት ሳቅኩ፤ ትንሽም ደስ አለኝ። ማታ ግን ሳስበው ነገሩ ለእኔም እንደዚያው መሆኑ ገባኝ። አንድ ቀን ኢታንግ እሄዳለሁ። ከኋላ በኩል፣ ቀስ ብዬ እቀርባለሁ። ወደ እኔ እንድትሮጥ አልፈልግም ብል አታምኑኝም። እየቀናሁም ቢሆን የምመኘው ግን ሌላ ነው፦ ተነስታ አፍንጫዋን የሽማግሌው መዳፍ ውስጥ ትክተት፣ ገፋ፣ ገፋ ታድርጋቸው። "ሰው መጣ" ብላ ትንገራቸው። የመጣው ሰው እኔ ልሁን።